ጋሽ ስታንድባይ

በፋብሪካችን «ስታንድባይ» የምትለዋን ቃል ከልቡ የሚላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የእሳት አደጋ መኪናው ሾፌር። እኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ጠዋት «መኪና አንድ?» ስለው ጉሮሮውን ጠርጎ «ስታንድባይ!» ይለኛል። ስልጠና ላይ እንደነገሩን፣ በተጠሩበት ቅጽበት ለመነሳት ተሰናድቶ መጠበቅ ማለት ነው። እሱ ደግሞ ነገሩን የምሩን ይዞት ጎማ ይፈትሻል፣ ቱቦ ይዘረጋል፣ ታንከሩን አፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ምሳውን የሚበላው ጋቢና ውስጥ ነበር። «ጋሼ፣ ሽንት ቤትም እዚያው ይሠራልህ?» እያልን እንስቅበታለን። ስሙን ረስተን ጋሽ ስታንድባይ አልነው።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ እንደመጣ ከቢሮው ፊት ለፊት ሣር አስተከለ። የቧንቧው ውኃ ጠብ ጠብ ነው የሚለው፤ ስለዚህ ሣሩ ከእሳት አደጋው መኪና ይጠጣ ጀመር። ታንከሩ እስኪሞላ ቀኑ ይጋመሳል፤ ሲሞላ ደግሞ ሣሩ ይጠማዋል። ኤጭ! ማዶ ያለው የጥጥ መጋዘን ግድግዳው ጣውላ ነው፣ በሩ አንድ ነው። እዚያ ውስጥ ጥጥ የምትመዝነው የጋሽ ስታንድባይ ልጅ ናት።

አንድ ጠዋት እንደወትሮዬ ጠራሁት።

«መኪና አንድ?»

«ስታንድባይ አይደለሁም።»

«ምን አልከኝ ጋሼ?»

«ታንከሩ ባዶ ነው። አልዋሽም።»

ሬዲዮውን ግቢው ሁሉ ይሰማዋል፤ ያን ጠዋት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ እንግዶች ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ የሬዲዮ ክፍሌን በር በርግዶ ገባና ማይኩን ነጠቀኝ።

«ሰውዬ፣ በእንግዶች ፊት ልታዋርደኝ ነው? በል ቃሉን በል!»

«ልጄ እዚያ ውስጥ ናት፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ አሁን እሳት አለ? የለም! በቃ!»

በማግስቱ አትክልተኛ አደረጉት። ቁልፉን የተረከበው ጎረምሳ ባዶ ታንከር ተሸክሞ በደማቅ ድምፅ «ስታንድባይ!» ይለኛል። ሥራ አስኪያጁ ግን ቃሏን በሰማ ቁጥር ፊቱ ይፈካል። ሁለቱንም ማየት አስጠልቶኛል።

ጋሽ ስታንድባይ አሁን ሥራው ውኃ ማጠጣት ነው። የእሳት አደጋ መኪናውን ቱቦ ይጎትትና ሣሩን ትቶ የመጋዘኑን ጣውላ ከላይ እስከ ታች ያረጥባል፤ በሩን ደግሞ ደጋግሞ። ልጁ በመስኮት ብቅ ብላ «አባዬ፣ ኧረ ተው፣ እንጀራህን ታጣለህ!» ትለዋለች። እሱ ማርጠቡን ይቀጥላል።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ በረንዳው ላይ ወጥቶ አየው።

«አንተ ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ፤ «ሣሩ እየደረቀ ውኃ ታባክናለህ?»