በሰኞ ገበያ የለበስኩት ሰማያዊ ጋዎን

ይህ የሆነው ሆዴ ለስምንት ወር አልሻል ብሎኝ፣ ደሴ ላይ የምርመራ ቀጠሮ እጠብቅ በነበረበት ጊዜ ነው። ዓመታት አልፈዋል። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሰው በተሰበሰበበትም መናገር አይሆንልኝም። ይህን ግን ሳልጽፈው ብቀር ይቆጨኛል። አንዲት የማላውቃቸው ሴት ያደረጉልኝን ነገር እስከ ዛሬ ሌላ ሰው ሲያደርግ አላየሁም።

ተወልጄ ያደግሁት ሐርቡ ነው። ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቼ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ የቀሚስና የሱሪ ጠርዝ እዘመዝም ነበር። በሽታው ሲጀምረኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ያስቀምጠኛል፣ ከሰዓት በኋላ ይተወኛል። ነጭ ሽንኩርት በላሁ፣ ጠበል ጠጣሁ። ክሊኒክ ስሄድ አንዴ አሜባ ነው፣ አንዴ ጃርዲያ ነው እያሉ ኪኒን ይሰጡኛል። ለሳምንት ሻል ይለኝና ከዚያ ይብስብኛል። በአምስተኛው ወር ደም ማየት ጀመርኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ የምታውቀው "ሆዷን ያማታል" የሚለውን ብቻ ነበር። ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ሥራ እገባለሁ። ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ ድረስ የትኛው ምግብ ቤት ጓሮ ሽንት ቤት እንዳለው፣ የትኛው ባለቤት ፊቱን እንደማያጠቁር በቃሌ ይዤ ነበር። ቀሚሴ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ታክሲ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም። የአጎቴ ልጅ ስታገባ እንኳን ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ።

ከሁሉም የከፋው ግን የግቢያችን ሽንት ቤት ነበር። ስድስት ተከራይ በአንድ ሽንት ቤት ነው የምንጠቀመው። የመንገድ ሰው እየገባ ስላስቸገረ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተደርጎበታል፤ ቁልፉ የሚሰቀለው አከራያችን ወይዘሮ የሺ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ ነው። ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ አንኳኩቶ ቁልፍ ይጠይቃል፣ ሲጨርስም ይመልሳል። ወይዘሮ የሺ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ግን ያዩትን ሳይናገሩ አያልፉም። አንድ ቀን ተከራዩ ሁሉ በተቀመጠበት "ብርቄ፣ ዛሬ ስንተኛሽ ነው?" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን በር ከማንኳኳት ሆዴን ይዤ መንገድ መንገድ መሮጥ መረጥኩ።

በመጨረሻ ደሙ ሲበዛ ፈራሁ። አክስቴ በእንዲህ ዓይነት በሽታ፣ ደብቃ ደብቃ ነው የሞተችው። ደሴ ሄጄ ሐኪም አየኝ። "አንጀትሽ ከውስጥ በካሜራ መታየት አለበት" አለኝና ለሁለት ወር ቀጠረኝ። ምርመራው ከኋላ በኩል እንደሆነ ስሰማ ጆሮዬ ጭው አለ።

እትዬ ሰዒዳን ያገኘኋቸው ያን ዕለት ነው። ወደ ታክሲው ስመለስ ሰኞ ገበያ የሚባለው የገበያ ሰፈር መሐል ሆዴ ቆረጠኝ። እዚያ አካባቢ አምስት ሴቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው የሚያስተዳድሩት ባለ አራት ክፍል የሕዝብ መጸዳጃ ነበር። እየሮጥኩ ስደርስ ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል። ላብ አጠመቀኝ። ቅደሙኝ ልበል ወይስ ልመለስ ስል፣ በሩ ላይ የተቀመጡ ሻሽ ያሰሩ ጠና ያሉ ሴት ከላይ እስከ ታች አዩኝና በድንገት ጮኹብኝ።

"አሁን ነው የሚመጣው? ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ? ያዢ ይሄን ባልዲ! ሦስተኛውን ቶሎ አጽጂ፣ ሰው ቆሟል!"

ባልዲና መጥረጊያ እጄ ላይ ጣሉብኝ። ከሌላ ሰው ጋር የተምታታሁባቸው መሰለኝ። ግን በሩ ክፍት ስለነበረ ገባሁ። ከውጭ አንድ ሰውዬ "እትዬ ሰዒዳ፣ ሠራተኛም ቀጠራችሁ? ማኅበሩ አደገ በሉኛ!" ሲል ሰማሁ። "አደገ እንጂ! ወረፋህን በደንብ ከጠበቅህ አንተንም እንቀጥርሃለን" አሉት። ሰዉ ሳቀ። እኔን ልብ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ልወጣ ስል እትዬ ሰዒዳ በሩን በቀስታ መቱና "ውሃውን ደፍተሽ፣ ባልዲውን ይዘሽ ውጪ" አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ። አልተምታታሁባቸውም፤ ከሰው ዓይን ሸሽገውኝ ነው።

ጎናቸው አስቀመጡኝና "አብሽሪ ልጄ" አሉ። "ስንት ዓመት እዚህ በር ላይ ተቀምጬ፣ የሰውን አሯሯጥ አይቼ አውቃለሁ። ቆየብሽ?"

"ቆየብኝ" አልኩ። ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። "አላህ አፊያ ያርግሽ" ብለው ሸኙኝ።

ሁለቱን ወር እንደምንም ገፋሁት። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነበር። ዓርብ ዕለት ከምርመራው በፊት የሚጠጣውን አንጀት ማጽጃ መድኃኒት ልወስድ ደሴ ስሄድ ነርሷ አስረዳችኝ። ሰኞ ምግብ የለም። ሻይ ያለ ወተት፣ ውሃና የተጣራ ሾርባ ብቻ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ የመድኃኒቱን ዱቄት በሦስት ሊትር ውሃ በጥብጬ፣ በየሩብ ሰዓቱ አንድ አንድ ብርጭቆ እጠጣለሁ።

"ሽንት ቤት አጠገብሽ ይሁን፣ ደጋግሞ ያስወጣሻል" አለች። "አንጀትሽ ካልጸዳ ሐኪሙ ምንም አይታየውም። እንደገና ሌላ ቀጠሮ መጠበቅሽ ነው።"

ከሐኪም ቤቱ ስወጣ የማስበው የወይዘሮ የሺን በር ነበር። በአንድ ቀን አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ ቁልፍ ስጡኝ ልል! ደግሞ በማግሥቱ ያን ሁሉ ጠጥቼ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በታክሲ ልወጣ! አይሆንም አልኩ። መድኃኒቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ላልመለስ ወስኜ ወደ መኪናው ወረድኩ። አክስቴን እያሰብኩም ቢሆን ወሰንኩ። ኀፍረት እንዲህ ያደርጋል።

በሰኞ ገበያ ሳልፍ እትዬ ሰዒዳ ከሩቅ አይተውኝ በእጃቸው ጠሩኝ። "ምርመራው እንዴት ሆነ?" አሉኝ። ምርመራ እንዳለብኝ ነግሬያቸው አላውቅም። ከሐኪም ቤት በኩል መምጣቴን አይተው ነው። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርኩ። ደሙን፣ አክስቴን፣ ካሜራውን፣ የግቢያችንን ቁልፍ፣ ሁሉንም አወጣሁት። ስጨርስ አለቀስኩ።

እሳቸው ግን ሳቁ።

"የሽንት ቤት ነገር ነው የሚያስለቅስሽ? አራት ሽንት ቤት ያላት ሴት ፊት ቆመሽ?"

ሳላስበው እኔም ሳቅሁ።

"ሰኞ በጠዋት ነይ። አንዱን ክፍል ላንቺ እንይዛለን። ማታ እኔ ቤት ታድሪያለሽ፣ ማክሰኞ በእግርሽ ትሄጃለሽ" አሉ።

"ሰኞ እኮ ገበያ ነው" አልኩ።

"ገበያ ነዋ! አንቺ ደግሞ አንድ ሰው ነሽ።"

ሰኞ ስደርስ ግን ነገሩ ቀላል አልነበረም። የማኅበሩ አባል ከበቡሽ ተቆጣች። "ሰዒዳ፣ አብደሻል? በገበያ ቀን አንዱን ዘግተን ከቢስቲማ፣ ከየገጠሩ የመጣው ሕዝብ የት ይግባ? በኋላ የሚሰደበው ማን ነው?"

እውነቷን ነበር። እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ልሄድ ተነሣሁ።

"ልክ ነሽ ከበቡሽ" አሉ እትዬ ሰዒዳ ሳይቆጡ። "ግን ይቺ ልጅ ዛሬ ካልጠጣች ነገ አትታይም። ነገ ካልታየች ደግሞ ተመልሳ አትመጣም፤ ወላሂ ዓይኗ ይናገራል። በሦስቱ እናስተናግድ፣ ስድቡን እኔ እቀበላለሁ።"

ከበቡሽ የለበሰችውን ሰማያዊ ጋዎን አወለቀች። "እንግዲያው በዚህ ቀሚስ አይሆንም" አለች። "ሰው ስትገባ ስትወጣ እያየ ምን ሆነች ይላል። ይሄን ልበሺ። ጋዎን የለበሰ ቢገባ ቢወጣ ማንም አይቆጥረውም።"

እንደዚያ ሆነ። ጋዎኑን ለበስኩ፣ የላስቲክ ቦት ጫማ አደረግሁ። መድኃኒቱ ጨው የበዛበት የሩዝ ውሃ ይመስላል፤ ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ሊመልሰኝ ደረሰ። እትዬ ሰዒዳ በየብርጭቆው የሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ አንድ ፍሬ እየገፉ ይቆጥሩልኝ ነበር። ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ሲሄዱ ሙስበሃውን ለከበቡሽ ሰጧት። ከበቡሽ ማተቧን አንገቷ ላይ እንዳሰረች፣ ሙስበሃ ይዛ "ሰባት! ጠጪ አንቺ፣ አታሞኚኝ!" ስትለኝ የተሰለፈው ሰው ሳይቀር ይስቅ ነበር፤ ምን እንደምጠጣ ግን ማንም አያውቅም። ከሰባተኛው በኋላ ባልዲዬን ይዤ መግባት መውጣት ሆነ ሥራዬ። በመሐል ሻል ሲለኝ እውነትም አጸዳሁ። በረኪና ረጨሁ፣ ወለሉን አጠብኩ፣ ውሃ ቀዳሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

"ብርቄ! አንቺ ነሽ?"

ወይዘሮ የሺ ነበሩ። ለገበያ መጥተው ኖሮ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ወረፋው ላይ ቆመዋል።

"በሞትኩት! ልብስ ሰፊው አባረረሽ እንዴ?" አሉ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

እትዬ ሰዒዳ ቀና ብለው አዩኝ፣ ግን አልተናገሩልኝም። መልሱን ለእኔ ተዉልኝ። ሆዴ እየተነሣ ነበር። መሸሽ እችል ነበር፤ የምሸሽበት በር ግን እሱ ራሱ የሽንት ቤቱ በር ነው።

"ዛሬ ተረኛ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ጠንከር ብሎ ሲወጣ ራሴም ገረመኝ። "ሁለተኛው አሁን ይለቀቃል እትዬ፣ እርስዎ ይግቡ። ዘንቢሉን እዚህ ያስቀምጡት።" ይህን ብዬ ባልዲዬን አንስቼ ሦስተኛው ገባሁና በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ።

ስወጣ ወይዘሮ የሺ ሄደዋል። እትዬ ሰዒዳ እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ ነበር። "አይናፋሯ! ደንበኛ አስተናገድሽ እኮ!" አሉ። ከበቡሽም "ይቺማ ቋሚ ትሁንልን" አለች።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ሰዒዳ እስከ ሐኪም ቤቱ በር ሸኙኝ። መጸዳጃው ላይ የሥራ ተራቸው ስለነበር መቆየት አልቻሉም። ብቻዬን ገባሁ። ምርመራው እንደፈራሁት አልነበረም፤ ያሳፍራል፣ ትንሽም ያማል፣ ግን ያልቃል። ሐኪሙ "በጣም ጥሩ ተዘጋጅተሽ ነው የመጣሽው፣ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል" አለ። የተመሰገንኩት እኔ ብሆንም ምስጋናው የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ናሙና ወሰዱና ውጤቱን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነይ አሉኝ።

ኮምቦልቻ ስመለስ ግቢው ሁሉ ሥራ መቀየሬን ሰምቷል። ወይዘሮ የሺ ጠሩኝና "ያየሁት ንጽሕና ሌላ ነው። የእኛውንም አንቺ ያዢልን" ብለው የጓጉንቸሩን ቁልፍ እጄ ላይ አኖሩት። እየጠየቅሁ ስሸማቀቅበት የኖርኩትን ቁልፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላው ከእኔ ይጠይቅ ጀመር። አላረምኳቸውም። በጽዳት ሠራተኛነት መታማት ከባድ መስሎ የሚታየው ላልደረሰበት ነው። ጋዎኑን ያለበሰችኝን ሴት የሚያውቅ አያፍርበትም።

የውጤቱ ቀን ሐኪሙ "አንጀትሽ ቆስሏል። ካንሰር ግን አይደለም። ብትቆዪ ኖሮ ይከብድሽ ነበር" አለኝ። የሚታዘዝልኝን መድኃኒት በየቀኑ መውሰድ እንዳለብኝ ነገረኝ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ሰው እንደ ወትሮው ተሰልፏል። እትዬ ሰዒዳ አዩኝ፣ ሰው ፊት ግን አልጠየቁኝም። ዓይናቸው ብቻ ፊቴን ይመረምራል። የሚያስቡት የእኔን ኀፍረት እንደሆነ ገባኝ።

"ካንሰር አይደለም አሉኝ!" ብዬ ከመንገዱ ማዶ ጮኽሁ።

እትዬ ሰዒዳ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። "አልሐምዱሊላህ!" አሉ። ከበቡሽ እልል አለች። ምኑም ያልገባው ሰልፈኛም "እሰይ! እሰይ!" አለ።

ዛሬም መድኃኒት እወስዳለሁ። አንዳንዴ ይነሣብኛል፣ ግን እንደ ድሮው አልደብቅም። ለእናቴም ነግሬያታለሁ። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ፣ እትዬ ሰዒዳ ከስንት ሰው መሐል አንዲት ልጅ የሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚከብዳት ማየታቸው ነው። በጥያቄ አላስጨነቁኝም፤ ባልዲ ሰጡኝ እንጂ። እትዬ ሰዒዳ ይህን ነገር ለአንድም ሰው አልተናገሩም። የተናገርኩት እኔ ነኝ።