በሩ ላይ ያየኝ ሙሽራ

ግጥሜን የሰረቀኝ ሰው ሠርጉን እንድቀርጽለት ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ ደሴ ፒያሳ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ የካሜራውን ሌንስ በጥጥ እየወለወልኩ ነበር። 

ካሜራውን ከጅዳ ያመጣው አጎቴ ነው። ትከሻ ላይ የሚጫን፣ ትልቁን የቪዲዮ ካሴት እንዳለ የሚውጥ ከባድ ዕቃ። አጎቴ ከጉምሩክ ወረቀቱ ጋር ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ሲያሳድረው ከርሞ፣ አንድ ቀን "ወላሂ እኔ እንኳን ልቀርጽበት ሳየውም ያስፈራኛል፤ አንተ ሥራ ፈት ነህ፣ ሞክረው" ብሎ ሰጠኝ። ሥራ ፈት የሚለኝ ግጥም ስለምጽፍ ነው። ቁልፎቹን እየነካካሁ፣ የጎረቤት ፍየል እየቀረጽኩ ተማርኩት። ብዙም ሳይቆይ የደሴም የኮምቦልቻም ሠርገኛ ይጠራኝ ጀመር። መብራቱን የማቆመው፣ ገመዱን የምዘረጋው፣ ባትሪውን የምቀይረው እኔው ብቻዬን ነበርኩ።

ብቻውን የሚቀርጽ ሰው ሁለት ቦታ መቆም አይችልም። ሙሽራውን ካየ ሙሽሪት ታመልጠዋለች። ስለዚህ ከሠርጉ በፊት አንድ ነገር መወሰን አለበት፦ ዛሬ ካመለጠኝ የማይደገመው የቱ ነው? ያንን ከመረጥክ በኋላ ሌላው ቢያመልጥህም አይቆጭህም። ይህን ያስተማረኝ የለም። እየተቆጨሁ የደረስኩበት ነው።

ሰውዬው የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ኃላፊ ነበር። እናቴ ከሞተች ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጻፍኩትን ግጥም አዳራሹ ውስጥ እንዳነበው እንዲፈቅድልኝ ወስጄ ሰጠሁት። "አስቀምጠው፣ እናየዋለን" አለኝ። በአብዮት በዓል ቀን መድረክ ላይ የወጣው ራሱ ነው። ግጥሙን አንድ ቃል ብቻ ለውጦ አነበበው። የእኔ እንዲህ ይል ነበር፦

እናቴ ስትሄጂ በሩን አትዝጊብኝ፣
ብርዱ ይግባ ግዴለም፣ ጥላሽን ተይልኝ።

እሱ "እናቴ" የሚለውን አውጥቶ "አገሬ" አስገባበት። አገሬ ስትሄጂ! አገር ተነሥታ ወዴት ነው የምትሄደው? አዳራሹ ሙሉ ሰው አጨበጨበ። ኮምቦልቻም ለፋብሪካ ሠራተኞች እንዲያነብ ተጠራ፤ እዚያም አጨበጨቡለት። ከዚያ በኋላ ስሙ "ገጣሚው ጓድ" ሆነ።

ቢሮው ሄጄ ግጥሙ የእኔ ነው አልኩት።

"ስትጽፈው ማን አየህ?" አለኝ፣ ወንበሩ ላይ እየተለጠጠ።

"እናቴ ናት ያለችው እዚያ ውስጥ።"

"ለአንዲት ባልቴት ተለቅሶበት ከሚቀር ለአገር ቢውል አይሻልም?" ብሎ ሣቀ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ፣ ግጥሙ የእኔ እንደሆነና ለእናቴ እንደተጻፈ እንዲናገር። ሌላ ካሣ አላማረኝም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አጎቴ ሱቅ መጥቶ "ወንድምዓለም" ያለኝ። የኮምቦልቻ ልጅ ሊያገባ ነው። ሠርጉን እንድቀርጽለት ከጠየቀኝ በኋላ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንድ ሌላ ነገርም ነበረኝ። የሙሽሪት ጓደኞች በር ዘግተው በግጥም ይሰድቡኛል አይደል? ሌላ ቦታ ሚዜ ነው የሚመልሰው። እነዚህ ግን 'ገጣሚ ስለሆነ ራሱ ይመልስ፣ አለበለዚያ አይገባም' ብለው ምለዋል።"

"ታዲያ ምን ቸገረህ? ገጣሚ አይደለህ?"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ... ሁለት ሦስት መልስ ብትጽፍልኝ። በቃሌ እይዘዋለሁ።"

ሌንሱን መወልወሌን አላቋረጥኩም። አንዴ ሰርቆኛል፤ አሁን ደግሞ ሊሰርቅ መጥቶ ራሴው እንዳቀብለው ይለምነኛል።

"እጽፍልሃለሁ" አልኩት።

"ብደነግጥና ቢጠፋኝስ?"

"ካሜራው ጀርባ ነኝ። እኔን እየኝ።"

ፊቱ በራ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

ኮምቦልቻ የወረድኩት በሠርጉ ዋዜማ ነው። ከሠርገኛው ጋር አብሬ እንድወርድ ፈልጎ ነበር፤ እንደማይሆን ነገርኩት። ምክንያቴ እውነት ነው፤ ከደሴ ብርድ የወጣ ካሜራ የኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ሆዱ ውስጥ ጤዛ ይይዛል፤ እስኪደርቅ ድረስ አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም እያደረገ አልሠራም ይላል። በፌስታልና በጋቢ ጠቅልዬ ወስጄ ቀስ ብሎ እንዲለምድ አሳደርኩት። ግን የቀደምኩት ለጤዛው ብቻ አልነበረም።

የሙሽሪት ቤት በር ወደ ምሥራቅ ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከግቢው ጀርባ ስለምትሆን፣ በሩ ላይ ቆሞ እንዲከፈትለት የሚጠብቅ ሰው ፊቱ ላይ ታርፋለች፤ ቅንድቡ ሳይቀር ይታያል። ሌላ ጊዜ የምቆመው ከሙሽራው ጎን ነበር፤ ሴቶቹ ሲጨፍሩ ያምራሉ። አሁን ግን ከውስጥ፣ ከሴቶቹ መካከል የምቆምበትን ቦታ በእግሬ ምልክት አደረግኩበት።

የሴቶቹ ዘፈን አውጪ የሙሽሪት የአክስት ልጅ ናት፤ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ፣ የማሽኑን ጩኸት በድምፅዋ የምትበልጥ ልጅ። በሩ ጋ ቆሜ ፀሐይዋን ስለካ መጥታ ሣቀችብኝ።

"ሰማይ ነው እንዴ የምትቀርጸው?"

"ያንን የገጣሚውን ግጥም ሰምተሽዋል?" አልኳት።

"አገሬ ስትሄጂ የሚለውን? ፋብሪካችን መጥቶ አነበበልን። እኔስ ያን ቀን አገር በየት በኩል እንደምትሄድ ግራ ገብቶኝ ነው የዋልኩት።"

ሳላስበው ሣቅኩ። ከዚያ እውነቱን ነገርኳት። ስለ እናቴ ነገርኳት፤ "ማን አየህ?" ያለኝን ነገርኳት። ሣቋ ጠፋ። ነገ እንድትልለት የምፈልጋቸውን ሁለት ስንኞች ስነግራት አንዴ ብቻ ሰምታ በቃሏ ደገመቻቸው።

"አብሽር፣ አታስብ" አለችኝ። "ይህ ጉሮሮ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው።"

በማግሥቱ ሠርገኛው መኪናውን እያስጮኸ ደረሰ። ሙሽራው ሱፉ ላይ ካፖርት ደርቦ ነበር። በሩ ተዘጋ፤ ከወገብ በላይ ብቻ የሚያሳይ አጭር የእንጨት በር ነው። ከበሮው ተመታ፤ አውጪዋ ጀመረች፦

የደሴው ሙሽራ ካፖርቱን ደርቦ፣
ኮምቦልቻ ደረሰ በላቡ ታጥቦ።

ሴቶቹ ተቀበሏት፤ እልልታው ቀለጠ። ሙሽራው ፈገግ አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የጻፍኩለትን አወረደው፦

ላቤ ቢንጠባጠብ ደጋ ነው አገሬ፣
ጥላዬ ከውስጥ ናት፣ ክፈቱልኝ ዛሬ።

ሚዜዎቹ ዘለሉ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ "ማሻአላህ፣ ይህ ነው ገጣሚ" አሉ። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ስንኝ ነው። ከመውደቁ በፊት ከፍ እንዲል ብዬ ነው ያሳመርኩለት። ቀስ ብዬ ዙሙን ወደ ፊቱ መግፋት ጀመርኩ። አውጪዋ እጇን አንሥታ ከበሮውን ዝም አሰኘች፦

ገጣሚው ሙሽራ እስኪ ልጠይቅህ፣
አገር በየት ሄደች? በሩን ማን ዘጋብህ?

በመጀመሪያ ሣቅ ተነሣ። ከዚያ የቀበሌ ሰዎች መኖራቸውን ያስታወሰ ሁሉ ሣቁን ዋጥ አደረገ። ግን ምን ይባላል? የገዛ ግጥሙ ነው፤ መድረክ ላይ ያነበበው እሱ ነው። ሰው ሁሉ መልሱን ጠበቀ።

እኔም ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ካሜራ የሚነቃነቀው በእጅ ሳይሆን በትንፋሽ ነው። ሌሎቹ በቃሉ የያዛቸው መልሶች ስለ ሚዜና ስለ ቀለበት ነበሩ፤ አንዳቸውም እዚህ አይገቡም። ከንፈሩ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ላቡ ከቅንድቡ ወረደ። ከዚያ ዐይኖቹን ቀና አድርጎ ሌንሱን አየ። እኔን አየኝ። ትምህርቱን ያላጠና ተማሪ ጎኑ የተቀመጠውን እንደሚያይ፣ እየለመነ፣ ቅንድቡን እያነሣ አየኝ። ሰውም ዐይኑን ተከትሎ ወደ እኔ ዞረ።

አፌን አልከፈትኩም። ዙሙንም አልመለስኩም።

መጀመሪያ የተናገሩት የሙሽሪት አክስት ናቸው። "ኧረ እናንተዬ፣ የዚህ ልጅ ምላስ ካሜራው ውስጥ ነው እንዴ የተቀመጠው?"

ግቢው በሣቅ ፈነዳ። የሙሽሪት አባት እየሣቁ መጥተው መወርወሪያውን ሳቡት። "በቃ ይግባ! ልጄን የሰጠሁት ለሰውየው ነው እንጂ ለምላሱ አይደለም።"

ከገቡ በኋላ የአባትየውን እናት፣ አሮጊቷን፣ ከተኙበት ደግፈው አስቀመጧቸው። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ ተንበርክኬ፣ ካሜራውን ከፊታቸው ጋር እኩል አድርጌ፣ ሳላቋርጥ ቀረጽኳቸው። የእናቴ ፎቶ እንኳን የለኝም። የነበረኝ ግጥሙ ነው።

ካሴቱ የታየው የሙሽራው አማቶች ቤት ነው፤ ማጫወቻውን የገጠምኩላቸው እኔ ነኝ። በሩ ላይ ሲደርስ አክስትየው "መልሳት!" አሉ። መለስኳት። "እንደገና!" አሉ። ሙሽሪት ባሏን በክርኗ ጎሸም አድርጋ "ግን ለምንድን ነው እሱን የምታየው?" አለችው። ክፋት አልነበረባትም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው። እሱ የቀረበለትን ምግብ ወደ ጎን ገፋ።

ከዚያ በኋላ ካሴቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ አጎቴ ሱቅ መጣ።

"በሩ ላይ ያለውን አጥፋልኝ።"

"ካሴት አይጠፋም" አልኩት። "ሌላ ነገር ይቀረጽበታል እንጂ።"

"ቅረጽበታ! ግድግዳውን ቅረጽ፣ ሰማዩን ቅረጽ!"

"የሚቀረጸውን እኔ መርጫለሁ። 'ያ ግጥም የእሱ ነው፤ የጻፈው ለእናቱ ነው' ትላለህ። እዚያችው ቦታ ላይ ልክ ይገባል።"

"አማቶቼ እያዩኝ?"

"ስትዘፍንም እያዩህ ነበር።"

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ካሴቱን አስገብቼ በሩ ላይ አደረስኩት፤ መብራቱን አበራሁ። ካሜራው ነጩን ቀለም እንዲለይ ሁልጊዜ እንደማደርገው ነጭ ወረቀት ፊቱ ላይ ያዝኩ። ጎንበስ ብሎ አየው፤ ገለበጠው።

"የታለ የጻፍክልኝ?"

"ባዶ ነው። ይቺን እንኳን ራስህ ተናገራት።"

ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። "ያ ግጥም..." አለ። "ያ ግጥም የ..." ከንፈሩ በሩ ላይ እንዳደረገው ተከፈተና ተዘጋ። ከዚያ በርጩማውን ገፍቶ ተነሣ።

"ይህን ካሜራ እንድትይዝ የፈቀደልህ ማን ነው? ቀበሌ ያውቀዋል?"

ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። ግን ወደ ኋላ አላልኩም።

"የጉምሩክ ወረቀቱ አለን። ጓድ፣ ክሰሰኝ። ግን እነሱም ምን እንዳደረግኩህ ለማወቅ ካሴቱን ማየት ይፈልጋሉ።"

ካሴቱን አወጣሁት። በጀርባው ጠርዝ ላይ የጥፍር ያህል የሆነች ፕላስቲክ አለች፤ እሷ ከተሰበረች ካሜራው በዚያ ካሴት ላይ መቅረጽ እምቢ ይላል። ዐይኑ እያየ በካቻቢቴ ፈንቅዬ ሰበርኳት።

"ምን አደረግከው?"

"ከእንግዲህ ማንም አይቀርጽበትም። እንካ ውሰድ።"

ሊጥለውም ሊያቃጥለውም አይችልም ነበር። አሮጊቷ ከሠርጉ በኋላ ብሶባቸው ጨርሶ አልጋ ይዘው ነበር፤ አማቱ ጁምዓ ጁምዓ የእናታቸውን ዱዓ ሳያዩ አይውሉም። ዱዓውን ለማየት ደግሞ ካሴቱ ላይ በሩን ማለፍ ግድ ነው። አክስትየው ካሉ "መልሳት" ይባላል።

የተሰበረችው ፕላስቲክ የነበረችባትን ቀዳዳ በቁራጭ ፕላስተር ቢሸፍናት ካሴቱ እንደገና ይቀረጽበት ነበር። ፕላስተር አጎቴ ሱቅ ውስጥ፣ እጁን ካሳረፈበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። አልነገርኩትም። ዛሬም ቢጠይቀኝ ዋጋው በርጩማው ላይ ያቋረጣት አንዲት ቃል ናት፤ ያውቃታል።