ከጭቃው ስር ያገኘሁት ሸምበቆ

ውሃ በተዘጋ በር ስር ሾልኮ ሲያልፍ የሚያሰማው ሽሽ የሚል ድምፅ ስንት ዘመን ቆይቶ ባለፈው ሰመር ጆሮዬ ውስጥ ተመልሶ ገባ። የልጅ ልጄ ሳሮን ከሳን ሆዜ መጥታ፣ ከኦክላንድ ቤቴ አስነስታ፣ ወደ ሰሜን ብዙ ነድታ፣ ጀልባ ከፍና ዝቅ እንዲያደርጉ በጥንት ጊዜ እንደ ደረጃ የተሠሩ የውሃ በሮች ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ሰው ሁሉ ፎቶ ሲነሳ እኔ አጎንብሼ የበሩን ስር አያለሁ።

«እማማ፣ ምን እያየሽ ነው? ኦልድ ስለሆነ እኮ ነው ሊክ የሚያደርገው!»

«ውሃ ያለ ሰው እጅ አይሾልክም» አልኳት።

በልጅነቴ መንደራችን አንድ የመስኖ ቦይ ነበረው። ክረምቱ ሲወጣ ገበሬው ተሰብስቦ ቦዩን ይጠርግና ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት ይመርጥ ነበር። ተራው የሚለካው በጥላ ነው፤ የውሃ አባታችን አባ ተገኘ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ፣ የተባለው እግር ሲሞላ የአንዱን ማሳ አፍ በጭቃ ዘግተው የሌላውን ይከፍቱ ነበር።

በጥር ውሃው ሲቀንስ የእኔ ጥርጣሬ ጨመረ። አባ ተገኘ ለወንድማቸው ሲለኩ እግራቸውን የሚያራርቁ፣ ለእናቴ ሲለኩ የሚያጠጋጉ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ሞቶ እናቴ ብቻዋን ነበረች፤ ሽንኩርቱ ሲደርስ ሸጣ፣ ከተማ ወስዳ አምስተኛ ክፍል ልታስገባኝ አስባ ነበር።

«ለወንድምዎ ያደላሉ!» አልኳቸው አንድ ቀን፣ ሰው እየሰማ።

«ነይ እንግዲያው በራስሽ እግር ለኪው፣ እሜቴ ዳኛ!» አሉኝና ሰዉ ሳቀ።

ጥላዬን በእግሬ ለካሁ፤ ከእሳቸው ጋር እኩል መጣ። አላመንኩም።

በየካቲት፣ የወንድማቸው ተራ በሆነ ቀን፣ ዛሬስ እይዛቸዋለሁ ብዬ በእኛ ማሳ አፍ ተቀመጥኩ። አፉ በጭቃ እንደተዘጋ ነው፤ ከስሩ ግን ሽሽ ይላል። እጄን ብሰድ ውሃውን ወደ እኛ ሽንኩርት የሚያሳልፍ ሸምበቆ ተቀብሯል፤ ዙሪያውም በጨርቅ ተወትፏል። ጨርቁ የእናቴ አሮጌ ቀሚስ ቁራጭ ነበር። ሽንኩርታችን ከሰው ሁሉ ሽንኩርት ይበልጥ ለምልሞ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ እሱን ግን ጠርጥሬ አላውቅም።

ሸምበቆውን ነቅዬ፣ ሰው በተሰበሰበበት ለአባ ተገኘ ሰጠኋቸው። ጨርቁን አዩ፣ እኔን አዩ፤ «ምነው ልጄ፣ ባታመጪው» አሉ። ሕግ ሕግ ነውና የእናቴ ሁለት ተራ ተሰረዘ፣ ሽንኩርቱም ደረቀ። እናቴ አልመታችኝም፤ «ለማን ብዬ መሰለሽ?» ብላ ፊቷን አዞረች። ትምህርቴም አራተኛ ክፍል ላይ ቀረ።

እዚህ አገር ቧንቧውን ሲያዞሩት ውሃው ይመጣል፣ ተራው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ሳሮን እጄን ይዛ ስትጎትተኝም ዓይኔን ከበሩ ስር አልነቀልኩም። ያኔ የሠራሁት ልክ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ያንን ሸምበቆ እነቅለው ነበር። ነቅዬ ግን መጀመሪያ ቤት ይዤው ገብቼ፣ እናቴ ፊት አስቀምጠው ነበር።