ለመርክነህ ወላጅ የተገኘበት ሰኞ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር። ደግነቱ ያኔ ሶዶ ውስጥ መብራት መጥፋት ብርቅ አልነበረም። ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረን ሳለ ድንገት ሁሉም ነገር ድርግም ሲል ትልልቆቹ ይራገማሉ፤ እኛ ልጆች ግን በደስታ እየጮህን ወደ ጓሮ እንሮጣለን። እዚያ አባባ አንጁሎ እሳታቸውን አንድደው፣ ስኳር ድንቹን ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብረው፣ ኩራዙን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ይጠብቁናል። የባህር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የኩራዙ ብርሃን ፊታቸውን አንዴ እያሳየን አንዴ እየደበቀብን፣ ድንቹ እስኪበስል ድረስ እናዳምጣቸዋለን።

አባባ አንጁሎ ከትውልድ መንደራቸው ከጉኑኖ መጥተው ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ግቢያችን አንድ ነበር። ወላይትኛውንና አማርኛውን ያለ ድንበር ያቀላቅሉታል። ወንድ ሆነ ሴት ለእሳቸው ሁሉም «አንተ» ነው። እኔ ጥያቄ ስለማበዛ «አንተ ጠያቂ» ብለው አወጡልኝ፤ ሹመት የተሰጠኝ ያህል እኮራበት ነበር።

ከሰሚዎቹ ሁሉ ዝምተኛው መርክነህ ነበር። የአክስቴ ልጅ ነው። ዱቦ አካባቢ እናቱ ስትሞትበት፣ አባቱም ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ወሬው ሲጠፋ፣ አባቴ ወደ እኛ ቤት አምጥቶ ሰባተኛ ክፍል አስገባው። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የተናገረውን የማያጥፍ ሰው ነበር። መርክነህ በመጣ ዕለት ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ «ከትምህርት ቤት ክስ የመጣ ቀን ወደ ዱቦ ትመለሳለህ» አለው። ዱቦ መመለስ ማለት ትምህርት ማቆም ማለት ነበር፤ እዚያ የሚያስተምረው ዘመድ አልቀረውም።

ትምህርት ቤታችን ደግሞ ደንብ አይጎድለውም። ጥፍር ማሳደግ ክልክል፣ ሹራብ ቀይሮ መምጣት ክልክል፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ መግባት ክልክል። በር ላይ ቆሞ ሥነ ሥርዓት የሚያስከብረው ዩኒት ሊደራችን ቲቸር ማቴዎስ ገና ወጣት ነው፤ ከእጁ አንድ ክንድ የምትሆን የውሃ ጎማ ቁራጭ አትለይም። እውነቱን ለመናገር ሲመታባት ብዙም አላየሁም፤ መያዙ ብቻ ይበቃን ነበር። ከጎማዋ ይልቅ የምንፈራው «ወላጅ አምጣ!» መባልን ነው። ይህን የተባለ ልጅ ቤቱ ሄዶ ከመናገር መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ መምጣት ይቀለዋል። ስንቱ ሊስትሮ፣ ስንቱ ደላላ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ልጅ «አደራ፣ ቅጡልኝ!» ብሎ ሄዷል። ያኔ እንዲህ ያለው ነገር ሆዳችንን ይዘን የምንስቅበት ጨዋታ ነበር።

አንድ ዓርብ ጠዋት መርክነህ አርፍዶ ደረሰ። በሩ ተዘግቷል፤ በጓሮ በኩል ዞሮ የሾህ ሽቦውን አጥር ሲዘል ሹራቡ ተቀደደና ዘበኛው ያዘው። ከዚህ በፊትም ዘሎ ተይዞ ያውቃል። ቲቸር ማቴዎስ «ለምን አረፈድክ?» ቢለው፣ ደግሞ ደጋግሞ ቢጠይቀው፣ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። «እንግዲያው ሰኞ ወላጅ ይዘህ ካልመጣህ ተሰናብተሃል» ተባለ። ከኋላው እየተከተልኩ ወደ ቤት ስንሄድ የተቀደደውን ሹራቡን በእጁ ሸፍኖ ይራመድ ነበር። ያኔ ነው ነገሩ ጨዋታ እንዳልሆነ የገባኝ።

ቅዳሜ ምሽት መብራት ጠፋ። መርክነህ ከሁሉም ቀድሞ ወደ እሳቱ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። አባባ አንጁሎ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ «አባባ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት መጥተው አያቱ ነኝ ይበሉልኝ» አላቸው። ታሪኩን ሁሉ ነገራቸው። ሽማግሌው ድንቹን በእንጨት ገለበጡት እንጂ እሺም እምቢም አላሉም። ሌሎቹ ልጆች እየተንጫጩ ሲደርሱ ተረት ጀመሩ።

ድሮ ድሮ፣ አሉ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር አንዲት ምንጭ ነበረች። አንበሳ ሕግ አወጣ፤ ያለ ተራው ውሃ የጠጣ ወላጁን ይዞ ይቅረብ። አንድ ቀን አንዲት የሚዳቋ ግልገል ጥም ቢያቃጥላት ያለ ተራዋ ጠጣች። እናቷን ነብር ከበላት ቆይቷል። ዝሆን ዘንድ ሄዳ «እናቴ ሁነኝ» ብትለው «ማን ያምነናል?» አላት። ጅብ ዘንድ ብትሄድ ጅብ በጣም ፈቃደኛ ሆነ፤ እሷ ግን ጥርሱን አይታ ሮጠች። እኛ እየሳቅን ሳለ አባባ አንጁሎ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ግልገሏ በመጨረሻ የአንድ ሽማግሌ ኤሊ በር አንኳኳች...

መብራት መጣ! ልጆቹ ሁሉ ግር ብለው ወደ ቴሌቪዥኑ በረሩ። መርክነህና እኔ ብቻ ቀረን።

«ከዚያስ አባባ? ኤሊው ምን አላት?» አልኩ።

አባባ አንጁሎ ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱ። «አንተ ጠያቂ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ኤሊው ገና እያሰበ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ዳሞታ ጭጋጉን እስከ ወገቡ ለብሶ ነበር። ተሰልፈን መዝሙር ዘምረን ስንጨርስ፣ አጥፊዎቹ እንደ ደንቡ በሰንደቁ ሥር ጠጠሩ ላይ ተንበርክከው ወላጆቻቸውን ይጠብቃሉ። የሌሎቹ አባትና እናት አንድ በአንድ እየመጡ ልጃቸውን አስነሱ። መርክነህ ብቻውን ቀረ። ቲቸር ማቴዎስ ሰዓቱን አየ። ልክ ያኔ አባባ አንጁሎ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በበሩ ገቡ፤ ያንን ሰፊ ሜዳ ቀስ እያሉ ሲያቋርጡት ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያያቸዋል። አሁን ውሸቱን ይናገራሉ፣ ይነቃባቸዋል፣ መርክነህም ያልቅለታል ብዬ ፈራሁ።

«አባባ፣ የልጁ ምኑ ነዎት?» አለ ቲቸር ማቴዎስ።

«እስከ ዛሬ ጎረቤቱ ነኝ» አሉ። «አያቱ ነኝ በልልኝ ብሎ ለመነኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽም።»

መርክነህ አንገቱን ደፋ። ከሰልፉ ውስጥ ሳቅ ሳቅ ያላቸው ነበሩ። ቲቸር ማቴዎስ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ታዲያ ካልሆኑ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ልሆን መጣሁ።»

ይህን ብለው ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋደሙና፣ በአንድ እጃቸው የመርክነህን ትከሻ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ከጎኑ ጠጠሩ ላይ ተንበረከኩ። «ልጄ ምን ላይ እንደተንበረከከ ልይ ብዬ ነው» አሉ።

በእኛ ዘንድ ልጅ ለሽማግሌ ይነሳል እንጂ ሽማግሌ በልጅ ፊት አይንበረከክም። ምድር ከእግሬ ሥር የተንቀሳቀሰች መሰለኝ። ቲቸር ማቴዎስ ጎማውን ጥሎ፣ «ኧረ አባባ! በፈጠረዎት! እኔን አፈር ያድርገኝ!» እያለ ብብታቸውን ይዞ ሊያነሳቸው ታገለ። እሳቸው ግን መጀመሪያ መርክነህ እስኪነሳ ጠበቁ። ከቆሙ በኋላም ምሕረት አልጠየቁም። «መምህር፣ ደንባችሁ ጥሩ ነው፤ አትተዉለት። የዘለለውን አጥር እሱ ይጠግን፤ እኔ ሽቦውን እይዝለታለሁ። ደግሞ በየሰኞው እመጣለሁ።» ቲቸር ማቴዎስ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። መርክነህ ለምን እንዳረፈደ ግን ለመምህሩ አልተናገሩም።

ያን ለአባቴ አስቀምጠውት ነበር። ምሽቱን ቤታችን ገብተው ተቀመጡና የሆነውን ሁሉ ነገሩት። አባቴ ግንባሩን ቋጥሮ ሰማቸው። «አባባ፣ እኔ ቃል ተናግሬያለሁ። ክስ ከመጣ ይመለሳል ብያለሁ» አለ።

«ቃልህን ጠብቅ» አሉት። «እኔ ክስ ይዤ አልመጣሁም። ልጄን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። በየማለዳው ውሃ ሊቀዳ ቦኖው ላይ ወረፋ ይዞ አየዋለሁ። የሚያረፍደው ለዚህ ነው። ውሃው የሚጠጣው እዚህ ቤት ነው። ይህን ብናገር ያስጠጉኝን ሰዎች መክሰስ ነው ብሎ ዝም አለ።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባቴ በሩ ሥር የቆመውን ቢጫ ጀሪካን ረጅም ጊዜ አየው። እኔም ውሃ የሞላውን ብርጭቆዬን እንደያዝኩ መጠጣት አቃተኝ። በማግስቱ ማለዳ ስነሳ ጀሪካኑ በሩ ሥር አልነበረም፤ አባቴም አልጋው ላይ አልነበረም።

ያን ሰሞን መብራት በጠፋበት ምሽት «ኤሊውስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አባባ አንጁሎ ጉልበታቸውን እያሹ ሳቁ። «ደረሰ» አሉኝ።

መርክነህ ስምንተኛን እስኪጨርስ ድረስ በየሰኞው በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ይቀመጡ ነበር። ዝናብ ቢሆን በጃንጥላ፣ ጤና ባይሰማቸው በባጃጅ ይመጣሉ። ቲቸር ማቴዎስም እየወጣ ከጎናቸው መቆም ለመደ። ከዓመታት በኋላ ሲያርፉ፣ ጉኑኖ ላይ ከልጆቻቸው ጋር ተሰልፎ ለቅሶ የተቀበለው መርክነህ ነው። «እሱ ምናቸው ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

ዛሬ እኔም እዚሁ ሶዶ አስተማሪ ነኝ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥም አለሁበት። ደንቡ ዘመኑን መስሎ ሞባይልና ፀጉር አቆራረጥ ተጨምሮበታል፤ «ወላጅ አምጣ» ግን አልተለወጠም። ከዚያ ጓሮ የሰማኋቸውን ተረቶች አብዛኛውን ረስቻለሁ። ግልገሏን ግን አልረሳኋትም፤ በር ያንኳኳችበት ድምፅ አሁንም ከልቤ አልወጣም።

በቅርቡ አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ ሞባይል ሲጠቀም ተይዞ «አጎቴ» ያለውን ሰው ይዞ ቢሮ መጣ። ሰውየው የባጃጅ ሾፌር ነው፤ የልጁን ክፍል ብጠይቀው ዘጠነኛ አለኝ፣ ልጁ አሥረኛ ነው። ባጃጁ ውጭ ሞተሩ እንደተነሳ ያንደቀድቃል። ባልደረቦቼ እየተጠቃቀሱ ሳቃቸውን ያፍናሉ። ልጁ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«እውነት አጎቱ ነህ?» ብዬ አልጠየቅኩትም። «የሚመጣው ሰኞስ ትመጣለህ?» አልኩት።

ሰውየው ደነገጠ። እኔን አየ፣ ከዚያ ልጁን አየው፤ የዚያን ጊዜ ገና በደንብ ያየው መሰለኝ። ዞሮ ወጣ። ባልደረቦቼ ሳቃቸውን ለቀቁት። እኔ ግን ጆሮዬን ወደ ውጭ አቅንቼ ነበር። የባጃጁ ሞተር ጠፋ፣ ሰውየውም ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ተመልሶ ገብቶ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ።