ፊልሙ ያላለው ቃል

ፊልሙን የተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። መተርጎም ከተባለ ነው፤ ፊልሙ የሚናገርበትን ቋንቋ አላውቅም ነበርና።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን በአስተማሪነት ተመድቤ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ከአዲስ አበባ ፊልም የሚያሳይ ሰው በላንድሮቨር መጥቶ ከገበያው አጠገብ ያለውን አዳራሽ ተከራየ። የአዳራሹ መስኮቶች መጋረጃ ስላልነበራቸው ከየቤቱ ብርድ ልብስ እየተለመነ መጣና በምስማር ተመታባቸው። ውጭ ፀሐይ ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ጉድጓድ ጨለመ። ነፋሱ በመጣ ቁጥር ብርድ ልብሶቹ ወደ ውስጥ ያብጡና መልሰው ይለጠፋሉ። ግድግዳው የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

ሰውየው በር ላይ አገኘኝ። "አስተማሪ ነው አሉኝ። የፈረንጅ አፍ ታውቃለህ?"

"እንግሊዝኛ አውቃለሁ።"

"በቃ፣ ሸራው አጠገብ ቁምና ለሕዝቡ እየጮህክ ንገርልኝ። የሚያስረዳልኝ ልጅ ታሞ ቀርቶብኛል።"

ፊልሙ ሲጀመር ሰዎቹ የሚያወሩት ጣሊያንኛ ሆኖ ተገኘ። ዞሬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ እሱም በእጁ "ቀጥል" አለኝ። ከፊት የተቀመጡት ተማሪዎቼ ናቸው፤ ከእነሱ ኋላ ወላጆቻቸው። አላውቅም ብዬ መቀመጥ ከበደኝና ቀጠልኩ።

ርካሽ ፊልም ነበር። ወርቅ ዘርፈው ተራራ ላይ ስለደበቁና እርስ በርስ ስለሚፋጁ ሦስት ሽፍቶች ነው። የሕግ አስከባሪው የሚጋልበው ባለ ነጭ ግንባር ፈረስ ትንሽ ቆይቶ የሽፍታው ፈረስ ሆኖ ይመጣል። ተገድሎ የወደቀው ሰው ዐይኑን ሲያርገበግብ ይታያል። ሕዝቡ ይስቃል። እኔም እየተደፋፈርኩ ሄድኩ። ሽፍታው አፉን ሲከፍት "አንተ ከሀዲ!" እላለሁ፤ ሴትዮዋ ስታለቅስ "ወንድሜን በላችሁት!" እላለሁ። ይጨበጨብልኛል።

ወደ መጨረሻው ላይ አንዱ ሽፍታ ቆስሎ ቋጥኝ ተደግፎ ተቀመጠ፤ ጓደኛው ከፊቱ ቆሟል። ሙዚቃው ቆመ። የቆሰለው ሰው ዝግ ባለ ድምፅ ረጅም ንግግር ጀመረ። እኔም ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ያልኩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከየት እንዳመጣሁት ግን አላውቅም፤ ሳላስበው ነበር ከአፌ የሚወጣው።

"ድንጋዩን ደርብብኝ፤ ፊቴን ግን አትሸፍነው። ሰማዩን እያየሁ ልጠብቅህ። ወርቁን ከምንጩ በላይ ካለው ስንጥቅ ክተተው፤ ዝግባው በወደቀበት በኩል። ስትመለስ ስሜን አትጥራ። ሦስት ጊዜ አስል፤ አውቅሃለሁ።"

የሳቀ ሰው አልነበረም። የሚሰማው የጀነሬተሩ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ከኋላ በኩል አግዳሚ ወንበር ወደቀ፤ አንድ ሰው በሩ ላይ የተሰቀለውን ብርድ ልብስ ገልጦ ወጣ። የቀኑ ብርሃን ገባና ለአፍታ ሸራውን አጠፋው።

በማግስቱ ትምህርቴን ጨርሼ ከክፍል ስወጣ አንድ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በዐይን አውቃቸዋለሁ። ከበግ ጠጉር ባና፣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ፣ እየሠሩ ገበያ የሚሸጡ፣ ሰው ሲጣላ ለእርቅ የሚጠሩ፣ በከተማው የተከበሩ ሰው ናቸው።

"ትናንት ፊልሙን ስትናገር የነበርከው አንተ ነህ?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ አባባ።"

"ማን ነገረህ?"

"ምኑን?"

"እኔ ጣሊያንኛ እሰማለሁ። ጠላት ይዞኝ ሁለት ዓመት መንገድ ሲያሠራኝ ለምጄዋለሁ። ያ የቆሰለው ሰውዬ ውሃ ስጠኝ ነው ያለው። ውሃ አለ፣ ከዚያ ስለ እናቱ ቤት አወራ። ድንጋይ አላለም። ምንጭ አላለም። ሳል አላለም።"

አፈርኩ። ቋንቋውን እንደማላውቅ፣ ከራሴ እየፈጠርኩ ሳወራ እንደዋልኩ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። በሩን ተደገፉ።

"የማን ልጅ ነህ? አገርህስ የት ነው?"

"ለሚ ነው።"

"አባትህ አንኮበር ኖሮ ያውቃል?"

"ከለሚ ወጥቶ አያውቅም፤ ገበሬ ነው።"

"ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው ቤታችሁ መጥቶ ያውቃል? አስታውስ እስቲ።"

ለማስታወስ ሞከርኩ። ማንም አልመጣልኝም።

ወደ ክፍሉ ገብተው ከተማሪዎቹ ወንበር በአንዱ ላይ ተቀመጡ። በዝቅተኛው ወንበር ላይ ጉልበታቸው ደረታቸው ድረስ ደርሶ፣ ጥቁር ሰሌዳውን እያዩ ነገሩኝ።

በወጣትነታቸው ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር በመሬት ጠብ ሰው አቁስለው ሸፍተው ነበር። ከአንኮበር በታች ባለው ጫካ ሲኖሩ ጣሊያን ገባ። እዚያ አጠገብ ያለች የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሦስቱን አስጠሩና የቤተ ክርስቲያኗን የወርቅ መስቀል፣ ጽዋና አክሊል አስረከቧቸው፤ መደበቅ የሚያውቅ ሽፍታ ነው ብለው። በመንገድ ላይ ተኩስ ገጠማቸው። አንዱ እዚያው ወደቀ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ሁለተኛው ጭኑን ተመታ። ሽማግሌው ወርቁንም ጓደኛቸውንም ተሸክመው አንድ ምንጭ ጋ ደረሱ። ወርቁን በገዛ ጋቢያቸው ጠቅልለው ስንጥቅ ውስጥ ከተቱት። የቆሰለውን ጓደኛቸውን ደግሞ ከዐይን ለመሰወር አስተኝተው ድንጋይ ደረቡበት።

"ያልከውን ያለኝ ምንጩ ጋ እንደደረስን፣ ወርቁንም እሱንም ሳልሸሽግ ነው" አሉ። "ቃል በቃል። ከእኔና ከእሱ ሌላ የሰማ ጆሮ አልነበረም።"

"ተመልሰው ሄዱ?"

"በሦስተኛው ቀን። በማግስቱ መሄድ እችል ነበር፤ ፈርቼ ቀረሁ። ሦስት ጊዜ አሳልኩ። ድንጋዩ ተገልጧል። ደም የለም፣ አጥንት የለም፣ ሰው የለም።"

"ወርቁስ?"

"አላየሁም። ሸሸሁ፣ ወዲያውም ተያዝኩ። ቄሱን ጠላት ገደላቸው፤ የጠየቀኝ የለም። አገር ነፃ ሲወጣ ሄጄ ማየት እችል ነበር። ግን ወርቁ ከሌለ እሱ ኖሯል ማለት ነው፤ እንደተውኩት እያወቀ ኖሯል። ወርቁ ካለ ደግሞ ጅብ በልቶታል። የቱን ልመኝ ልጄ?"

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ለምን አብሬያቸው እንደሄድኩ ሰው ሲጠይቀኝ የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ያልኩት ነገር እኔንም አስፈርቶኝ ነበር፤ ሐሰት መሆኑን አይቼ መገላገል ፈለግሁ።

የእህል ጭነት መኪና አንኮበር አጠገብ ጎረቤላ አደረሰን። ከዚያ በእግር ወረድን። ረፋድ ነው፤ ጉሙ ግን ከቆላው እየተነሣ መንገዱን ይበላዋል። ጅባራዎቹ በጉሙ ውስጥ እንደ ሰው ቆመው ይታያሉ፤ ስንቀርባቸው ተክል ይሆናሉ፣ ስናልፋቸው መልሰው ሰው ይሆናሉ። እኔ ከፊት ነበርኩ። መንገዱ ሁለት ቦታ ሲከፈል ግራውን ያዝኩ።

"ግራ በል ማን አለህ?" አሉ ከኋላዬ።

ዞሬ አየኋቸው። ቆመዋል። "የተረገጠው መንገድ ይሄ መሰለኝ" አልኩ። መሬቱን አየሁት፤ ሣር ነው፤ አንዱም የተረገጠ አልነበረም።

ምንጩን ሳናየው ድምፁን ሰማነው። ዝግባው ወድቆ ግንዱ ግማሹ በስብሷል። ከአጠገቡ በአንድ ሰው ቁመት ልክ የተደረደረ ድንጋይ አለ፤ የድንጋይ ሽበት ወርሶታል። በራስጌ በኩል ክፍት ነው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁና ሦስት ጊዜ አሳሉ።

ከገደሉ በኩል፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አንድ ነገር መልሶ አሳለ።

"ጭላዳ ነው" አልኩ። አካባቢው ጭላዳ ዝንጀሮ የሞላበት ነው፤ ድምፁም የሰው ሳል ይመስላል። ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ገደሉ አዘነበሉ። ሌላ ድምፅ እስኪመጣ ብዙ ቆየን። አልመጣም።

ስንጥቁ ጠባብ ነበር። ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገባሁ። ቀዝቃዛ ድንጋይ፣ ከዚያ ደረቅ ሣር፣ ከዚያ ጠጉር ያለው ነገር ነካሁ። ደንግጬ እጄን አወጣሁ።

"ምን አለ?"

"እንስሳ መሰለኝ።"

"ሞቋል?"

"አልሞቀም።"

"እንግዲያው አውጣው።"

ጎትቼ አወጣሁት። ባና ነበር፤ በጠፍር በደንብ የታሰረ ጥቅል። ሽማግሌው ገና ሲያዩት "የእኔ ጋቢ የጥጥ ነው፤ ነጭ ነበር" አሉ። ጠፍሩን ፈትቼ ገለጥኩት። ከውስጡ ሌላ ባና አለ፤ ያረጀ፣ ብል የበላው። ከእሱም ውስጥ ሌላ፣ ሲነኩት የሚፈርስ። ከሁሉም ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ የጥጥ ክር። መስቀሉ፣ ጽዋውና አክሊሉ እዚያ ነበሩ፤ አንድም አልጎደለም። የአቧራ ምልክት እንኳ አልነበረባቸውም፤ ተወልውለዋል።

"ኖሯል" አልኩ። "እየመጣ የወርቁን መጠቅለያ ሲለውጥ ኖሯል።"

እሳቸው ግን ወርቁን አላዩትም። ከላይ የነበረውን አዲሱን ባና አንሥተው ዳሩን በአውራ ጣታቸው ይዳስሱ ነበር፤ ጨርሰው ዳሰሱና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

"ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ" አሉ።

"እንዴት?"

"ዳሩን በሁለት ጥቁር ክር አጥፌ የምጨርሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ዓመት ቢሞላው ነው።" ድምፃቸው ወረደ። "መጥቶ ከእጄ ገዝቶታል። ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ጨርቁን እያገላበጠ፣ ስንት ነው ብሎኝ ገዝቶታል። አላወቅሁትም።"

ሬሳው ባልተገኘበት በዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ሽማግሌ ድምፅ አውጥቶ ሲያለቅስ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። እኔ ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ ቆምኩ። አንድ ሰው ከጉሙ ውስጥ ሆኖ የሚያየን መሰለኝ፤ ጀርባዬን ለመስጠትም ፊቴን ለመስጠትም ፈራሁ።

ወርቁን በዚያው ቀን ለቤተ ክርስቲያኗ አስረከብን። ቄሱ ወጣት ናቸው፤ የጠፋውን ንዋየ ቅድሳት በወሬ ብቻ ነበር የሚያውቁት። መስቀሉን ሲያዩ መሬት ላይ ተደፉ፤ ደወል ተደወለ፤ ሰው ከየማሳው እየሮጠ መጣ። ሽማግሌው በሕዝቡ መሀል እየዞሩ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ እግሩን የሚያነክስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር። የሚያውቅ አልተገኘም። በመጨረሻ አንዲት ሴት "ብዙ የሚያነክስ ሰው አለ እኮ አባቴ" አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ መቀመጣቸውን አልተዉም፤ ጨርቅ ግን አይሸጡም ማለት ይቻላል። ገዢ ሲመጣ ጥምጣምህን አውልቅ ይሉታል። ሰው ተቀየማቸው፤ አንዳንዱም አበዱ ብሎ አወራ። እኔ ጋ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። ሁልጊዜ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ "ሌላ ምን አለ?"

"አላውቅም አባባ። የሰማሁት ነገር የለም። አፌ ላይ የመጣ ነው።"

"እንደገና ቢመጣልህስ?"

አልመጣልኝም። ብቻዬን ሆኜ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ሞክሬ አውቃለሁ። የራሴ ሐሳብ ብቻ ነበር የሚመጣልኝ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ታመሙ። ልጃቸው መጥታ ጠራችኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። ከስተዋል፤ ዐይናቸው ግን ያው ነው። እጄን ያዙ።

"ሌላ ምን አለ?" አሉኝ።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የሚሞት ሰው ነው፤ ፈርቶ በመዘግየቱ ሠላሳ ዓመት የተቀጣ ሰው ነው። ድምፄን እንደዚያ ቀን ዝቅ አድርጌ፣ "አልተቀየምኩህም አለ" አልኩ። "እንደምትመጣ አውቅ ነበር፤ መቆየት ስላልቻልኩ ነው የሄድኩት፤ ምሬሃለሁ አለ።"

ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ይሄን አላለም" አሉ በመጨረሻ። "ይሄ የአንተ ነው።"

ይቅርታ ልጠይቅ ስል እጃቸው ጠበቅ አደረገኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ልጃቸው አጥሚት ይዛ እስክትገባ ድረስ ሁለታችንም ዝናቡን ስናዳምጥ ቆየን። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።