ወንበር የሚደረድረው እንግሊዛዊ

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቡታጅራ፣ ጥቁር ሰሌዳውን እያጠፋሁ ሳለ ሁለት ፖሊሶች ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ተማሪዎቹ እንዳይደነግጡ ጠመኔውን ቦታው መልሼ ወጣሁ።

ፓርቲ ማቋቋም በተከለከለበት በዚያ ዘመን፣ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላክሁ አስተማሪ ነበርኩ። አብሮን የሚያስተምር ሸምገል ያለ እንግሊዛዊ ነበር፤ በአገሩ ዕድሜውን የጨረሰው በፓርቲ አደራጅነት ነው። መምህራኑን ስለ ደመወዛችን መዘግየት እንድንመካከር ቤት ለቤት ዞሬ የጠራሁት የእሱን ወግ ሰምቼ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ የተቀበለኝ መቶ አለቃ ብዙ አልጠየቀኝም።

"ፓርቲ አቋቁሚ ያለኝ እንግሊዙ ነው በይና ቤትሽ ግቢ። እስከ ነገ አስቢበት።"

የሴቶቹ ክፍል እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ከገበያ ዘበኛ ጋር ተጣልተው የታሰሩ አንዲት ቅቤ ነጋዴ ከሰሌኑ ጥግ ፈቀቅ አሉልኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው አሰብ አደረጉ።

"አደራጅ ምን ይሠራል?"

"ምርጫ ሲደርስ በየደጁ እየዞረ ሰው ይጠራል፣ አዳራሽ ይጠርጋል፣ ወንበር ይደረድራል።"

"ከዚያ ይሾማል?"

"አይ፣ እትዬ። የሚመረጠው ሌላ ሰው ነው።"

"ወላሂ፣ ይሄማ የሠርግ ጠሪ ነው! እኛ ዘንድ ጠሪ ይበላል እንጂ መቼ ይታሰራል?" ሳቃቸውን በሻሻቸው አፈኑት። ቆየት ብለው ግን፣ "ጠሪ የላከው አለ። አንቺን እሱ ልኮሻል?" አሉኝ።

"አልላከኝም። ስለ ሥራው ብቻ ነው ያጫወተኝ።"

"በይ ተኚ፣ ልጄ። መልሱ እሱው ነው።"

እንግሊዛዊውን እኔ ከመያዜ በፊት ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ መኪና እንደ ጫኑት የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። አልተሰናበትነውም። አሁን ወልቂጤ ነው የማስተምረው፤ ስብሰባ ሲኖር ቀድሜ ገብቼ ወንበሮቹን አስተካክላለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ለሰው ወንበር ሲደረድር ለእሱ አንድ ቀን ያቀረበለት ሰው ነበር ወይ? ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንት ከሰዓት አሳልፈን፣ ይህን መጠየቅ ዓይን አፋርነቴ ከለከለኝ።

በታሰርኩ ማግሥት ጠዋት ግን መሄዱን ገና አላወቅሁም ነበር። መቶ አለቃው ፊት ቆሜ፣ "መምህራኑን የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም" አልኩ።

ድምፄ አልተሰማውም መሰለኝ፣ "ምን አልሽ?" አለኝ።

ደገምኩለት።