አመዱ ላይ የተገኘው ፈለግ

ኦቲሊያን አርባ ዓመት አውቃታለሁ፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። በፓትስኳሮ ሐይቅ ዳር እንደ እሷ ሸክላ የምትሠራ የለችም፤ እንደ እሷ ግትርም የለችም። በሃያ ዓመቷ የበኩር ልጇ በሦስት ወሩ ሞተባት። ጡቷ ነጥፎ ነበር። ለምን እንደነጠፈ ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፦ «ሲንኩዋቴው ጠባብኝ፤ ፈለጉን አመድ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሲንኩዋቴ የበቆሎ ማሳ እባብ ነው። እናቲቱን በትንፋሹ ያስተኛታል፤ ሕፃኑ እንዳያለቅስ ጅራቱን አፉ ውስጥ ይከትና ጡቱን ራሱ ይጠባል፣ ይባላል። እኔ አዋላጅ ነኝ፣ ያልሰማሁት ወሬ የለም። ኦቲሊያ ስታወራው ግን እስከ ዛሬ ይሰቀጥጠኛል።

ባለፈው የዝናብ ወራት አብራት የምትኖረው ምራቷ ማክሪና ወንድ ልጅ ወለደች። ያዋለድኳት እኔ ነኝ፤ ወተቷ ቀሚሷን የሚያርስ ነበር። በሁለተኛው ወር አስጠራችኝ። ሕፃኑ ሲሪሎ አንገቱ ቀጥኗል፤ ጡት ስትሰጠው ፊቱን ያዞራል። ጡቷን ብጨምቀው ሁለት ጠብታ ብቻ ወጣ።

«እትዬ ናሳሪያ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ስል እንደ ሬሳ ነው የምተኛው» አለችኝ እያለቀሰች። «ስነቃ የልጄ አፍ እርጥብ ነው፤ ጡቴን ግን አልያዘም። ትናንት በሰሌኔ ዙሪያ አመድ ነሰነስኩ። ይዩት እስቲ!»

አየሁት። አመዱ ላይ የተጥመለመለ ቀጭን መስመር ነበር። የሰው እግር የለበትም። እኔም አማተብኩ፣ ምን እዋሻለሁ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ እዚያው ክፍል ከተደረደሩት የኦቲሊያ ማሰሮዎች ጀርባ ተደብቄ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ማክሪና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። የእኔም ዓይን ከበደ፤ የእባቡ ትንፋሽ ደረሰብኝ ብዬ ጭኔን ቆነጠጥኩ። ከዚያ አመዱ ላይ አንድ ነገር ሲንሸራተት ሰማሁ።

ኦቲሊያ ነበረች። ከአመዱ ወዲያ ቆማ ወደ ሕፃኑ አጎንብሳለች፤ የረጅም ኩታዋ ዘርፍ አመዱን ይጠርገዋል። በአጥሚት የተነከረ ጨርቅ ጠምዝዛ ልጁ አፍ ውስጥ ከታለች። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይጠባል።

«ኦቲሊያ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝም በይ፣ ትነቃለች። ወተቷን ያ ነገር እየወሰደባት አይደል? እንደኔው ልጅ በረሃብ ይሙት?»

«በአጥሚት የጠገበ ልጅ ጡት ይጠባል? ያልተጠባ ጡትስ አይነጥፍም? አንቺ ደረቅ! እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ አንቺ ግን ልጡን ራስሽ እየጎተትሽ ትበረግጊያለሽ። ዘርፍሽን እይው!»

ዘርፏን አነሳች። በአመድ ነጥቷል። ዘርፉን በእጇ እንደጨበጠች ወጣች።

ጨርቁን ምድጃ ውስጥ ወረወርኩት። ልጁ ጮኸ፤ ማክሪና ባንና ተነሣች፤ ጡቷን ሰጠሁት። እምቢ አለ፣ ተናከሰ፣ በመጨረሻ ያዘ። አራት ቀን ሙሉ በየሰዓቱ እየጮኸ ባዶ ጡት ጠባ፤ እኛም አብረነው አለቀስን። በአምስተኛው ቀን ወተቱ በአገጩ ሲወርድ አየሁና ተንበረከክሁ።

ደስታዬን ላካፍላት ወደ ኦቲሊያ ሄድኩ። ከሸክላ መሥሪያዋ ፊት ተቀምጣለች፤ ጭቃው ደርቋል። ኩታውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ዘርፉን አንድ በአንድ ትዳስሳለች።

«ልጁ ጠገበልሽ» አልኳት።

«እሰይ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ናሳሪያ፣ ያኔ አራስ ሳለሁ አጠገቤ የምትተኛው አማቴ ነበረች» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ይሄ ኩታ የእሷ ነው።»